መስተዋቱን ያተረፈው ጨለማ ነውን? የጦርነት ዘመን መብራት ማጥፋትና የጥንት ነዳጅ ማደያ ቅርሶች

ለከፍተኛ ትምህርት በአሜሪካ በቆየንባቸው ዓመታት፣ አንድ እሑድ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ስንዘዋወር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ነገር ዓይናችንን ሳበው። ከሰው ራስ በእጅጉ የሚበልጥ፣ ጠፍጠፍ ያለ ክብ፣ ወተት የመሰለ ነጭ መስተዋት ነው። በሁለቱም ፊቱ ላይ ጉልፍ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ስም በብርቱካንማና በሰማያዊ ቀለም ሰፍሮበታል። ምንነቱን ስንጠይቅ ሻጩ፣ ጎልማሳ ሰው ነበር፣ በቤንዚን ፓምፕ አናት ላይ ተቀምጦ ሌሊት ሌሊት ይበራ የነበረ የመብራት ሽፋን መሆኑን ነገረን። ዋጋውን ሲነግረን ደግሞ ደነገጥን፤ የአንድ ተመራቂ ተማሪ የበርካታ ወራት የቤት ኪራይ ይሸፍናል።

ሻጩ ድንጋጤያችንን አይቶ ማብራሪያ ጨመረበት። «ቀለሙን ተመልከቱት፤ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ምክንያቱ ጦርነቱ ነው። በዚያን ጊዜ በባሕር ዳርቻ መብራት ማብራት ክልክል ነበር። አምፖሉ ጠፍቶ ስለከረመ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ቀረ» አለን።

መስተዋቱን አልገዛነውም። አባባሉ ግን አብሮን ወደ ቤት መጣ። ሲሰሙት የሚያሳምን፣ ፊዚክስም ያለበት የሚመስል አባባል ነው። ይሁን እንጂ የሚያሳምን መሆኑ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን አንሥተን አንባቢ ከእኛ ጋር እንዲያሰላ እንጋብዛለን። በፓምፕ አናት ላይ ያለች አንዲት አነስተኛ መብራት ለምን እንድትጠፋ ተፈለገ? መጥፋቷስ በመስተዋቱና በቀለሙ ላይ ምን ያህል ለውጥ ሊያመጣ ይችላል? ከዚያ ዘመን ዕቃዎች መካከል አንዳንዶቹ ለእኛ ሲደርሱ ሌሎቹ የት ገቡ?

ሉሉና ፓምፑ

አስቀድመን ዕቃውን እንወቀው። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በፎርት ዌይን ከተማ ይኖር የነበረው ሲልቫነስ ባውዘር የመጀመሪያውን ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሸጥ ዓላማው ለመኪና አልነበረም፤ ለኩራዝ የሚሆን ላምባ ለመቅዳት ነበር። መኪና ሲበዛ ያው ሐሳብ ለቤንዚን ዋለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1913 ጉልፍ ኩባንያ መኪናዎች ገብተው የሚቀዱበትን፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማደያ በፒትስበርግ ከተማ ከፈተ። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የተስፋፋው ፓምፕ ቁመቱ ሦስት ሜትር ገደማ ሲሆን በላዩ ትልቅ የመስተዋት በርሜል ነበረው። ሻጩ ቤንዚኑን በእጅ እየገፋ ወደዚያ በርሜል ያወጣል፤ ገዢው መጠኑንና ጥራቱን በዓይኑ አይቶ ካመነ በኋላ በስበት ኃይል ወደ መኪናው ይወርድለታል። ከሁሉም በላይ፣ በጫፉ ላይ፣ ሰብሳቢዎች ዛሬ «ግሎብ» የሚሉት፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ሉል» የምንለው የመስተዋት መብራት ይቀመጥ ነበር። ፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ34 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዲያሜትር ነበረው።

የሉሉ ሥራ አንድና አንድ ነው፤ በሌሊት የሚጓዝ አሽከርካሪ ከሩቅ አይቶት እንዲመጣ ማድረግ። ለዚህም ተራ ጥርት ያለ መስተዋት አይሆንም። ጥርት ባለ መስተዋት ውስጥ የሚታየው የአምፖሉ ክር ብቻ ነው፤ ዓይን ይወጋል፣ ጽሑፉም አይነበብም። ወተትማው መስተዋት ግን ሲሠራ በውስጡ እጅግ ደቃቅ የፍሎራይድ ውሁድ ቅንጣቶች እንዲፈጠሩ ይደረጋል። የቅንጣቶቹ የብርሃን ስብረት መጠን ከመስተዋቱ ስለሚለይ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ቅንጣት እየተነካ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። የእንጦጦ ጉም የመኪና መብራትን ሰፊ ነጭ ግድግዳ የሚያስመስለውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በዚህ መንገድ ከአምፖሉ የወጣው ብርሃን ከሉሉ ፊት ሁሉ እኩል ይፈልቃል። ዕቃው በጥበብ የታሰበ መሆኑን መመስከር ይገባል። ከሩቅ ለመታየት ተብሎ የተሠራ ነውና ጦርነት ሲመጣ ጥፋቱም ይኸው ሆነ።

ከባሕር ላይ የታየው መብራት

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1942፣ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች ገና አንድ ወር ሲሆናት፣ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ምሥራቃዊ ጠረፏ ደረሱ። የጠበቃቸው ሰላም ያለ የሚመስል አገር ነበር። ሆቴሎች፣ መዝናኛዎች፣ መንገዶችና ነዳጅ ማደያዎች እንደወትሮው አብርተዋል። ከቴክሳስ ወደ ኒው ዮርክ ነዳጅ የሚያመላልሱት መርከቦች ደግሞ በዚያው ጠረፍ ፊት ለፊት ይጓዛሉ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1942 ምሽት በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ቢች አቅራቢያ የሆነው ነገር ለርዕሳችን ቀጥተኛ ነው። በራይንሃርድ ሃርደገን የሚመራው ዩ 123 የተባለው ሰርጓጅ መርከብ «ጉልፍአሜሪካ» የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ መርከብ በቶርፔዶ መታት። የመርከቧ ጥቁር ቅርጽ ከከተማው መብራት ፊት ጎልቶ ይታይ ነበር። 19 ሰዎች ሞቱ። በባሕሩ ዳርቻ የነበሩ መዝናኛ ፈላጊዎች እሳቱን ቆመው ተመለከቱ። በማግሥቱ የፍሎሪዳ ገዥ ስፔሳርድ ሆላንድ በባሕር ዳርቻ ያሉ መብራቶች እንዲጠፉ አዘዙ። መርከቧ የማን እንደነበረች ከስሟ መገመት ይቻላል፤ የጉልፍ ኩባንያ ናት። በየማደያው አናት ላይ ስሙን ያበራ የነበረው ኩባንያ መርከቡን ያጣው መብራት ባጋለጠው ጠረፍ ፊት ነበር ማለት ነው። የጉልፍ ሉል ለብቻው መርከቧን አጋለጠ ማለታችን አይደለም፤ ነገሩ የድምር ውጤት ነው። የአንዷ መብራት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን ማስላት ይቻላል።

በሉሉ ውስጥ 60 ዋት አምፖል አለ እንበል። እንዲህ ያለው አምፖል 800 ሉመን ያህል ብርሃን ይሰጣል። ወተትማው መስተዋት ግማሹን አስቀርቶ ግማሹን ያሳልፋል ብለን ብንወስድ 400 ሉመን ይወጣል። ይህ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሰራጭ፣ ለ4 × 3.14 ሲካፈል፣ 32 ካንዴላ ያህል ይሆናል። የብርሃን መጠን በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ የሚደርሰው 32 ለ100,000,000 ሲካፈል ነው፤ ይኸውም 0.00000032 ሉክስ። ቁጥሩ ከንቱ ይመስላል። ሆኖም ኦሪዮን በሚባለው የኮከብ ክምችት መካከል በአንድ መስመር ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች ደብዘዝ ያለው ወደ ዓይናችን የሚልከው ብርሃን ከዚህ ቁጥር ጋር እኩል ነው። ያንን ኮከብ ከከተማ መብራት ራቅ ብሎ ያላየ ተማሪ የለም። ስለዚህ በአሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች የማደያ መብራት አንዲት ደህና ኮከብ ናት።

«የምድር ክብነት አይጋርዳትም ወይ?» የሚል አንባቢ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ከባሕር ወለል በላይ በሜትር የተለካ ከፍታ ካሬ ሥሩ በ3.57 ሲባዛ አድማሱ የሚገኝበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ለ3 ሜትር ከፍታ ሉል 6.2፣ በሰርጓጁ ማማ ላይ 5 ሜትር ከፍ ብሎ ለቆመ ተመልካች 8 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ድምሩ 14 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አይጋርዳትም።

የባሕር አየር ግን ጉምና ጨው አለበት። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ድረስ በሚያሳይ አየር ውስጥ፣ አሥር ኪሎ ሜትር የተጓዘ ብርሃን የሚደርሰው አንድ ሰባተኛው ብቻ ነው። ይህ ለዓይን ይበቃልን? እዚህ ላይ አንድ ድንቅ መገጣጠም አለ። በዚያው በ1942 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሴሊግ ሄክት ከሁለት ባልደረቦቹ ከሽሌርና ከፒረን ጋር የሰው ዓይን ሊያየው የሚችለውን ትንሹን ብርሃን ለክቶ አሳተመ። ጨለማን በለመደ ዓይን ላይ ለአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ብልጭ ያለ ብርሃን እንዲታይ ከ54 እስከ 148 ፎቶኖች ወደ ዓይን መድረስ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ከ5 እስከ 14 የሚሆኑት ብቻ በሬቲና ሕዋሳት ተመጠው ማየትን እንደሚያስከትሉ ተረዱ። የእኛን መብራት በዚህ ሚዛን እንመዝናት። በጨለማ የተከፈተ ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። ከመብራቷ የሚገባበት የፎቶን ብዛት በሴኮንድ 7,000 ገደማ ይሆናል። ዓይን በጨለማ ብርሃንን የሚያጠራቅመው ለአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ያህል ነውና 700 ፎቶኖችን በአንድነት ይቆጥራል። ከሄክት ወሰን በብዙ ይበልጣል። መብራቷ በጉም ውስጥም ትታያለች።

ነገር ግን ሰርጓጁ የማደያ መብራት አልነበረም የሚፈልገው፤ መርከብ ነው። አደገኛውም ነገር ሌላ ነው። ከመብራቶቹ ሁሉ የሚወጣው ብርሃን በአየር ላይ ተበትኖ ከአድማሱ በላይ ደብዛዛ ብርሃናማ መጋረጃ ይሠራል። በዚያ መጋረጃ ፊት የሚያልፍ መርከብ መብራቱን ሁሉ ቢያጠፋ እንኳ ይታያል፤ እንዲያውም ጨለማነቱ ነው የሚያሳብቅበት። በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የሰው ዓይን ጥቁርን ከጥቁር ለመለየት እጅግ ይቸገራል። ከኋላ ያለው ብርሃን ጥቂት ከፍ ሲል ግን የመለየት ችሎታው ፈጥኖ ይጨምራል። ርዝመቱ 130 ሜትር የሆነ መርከብ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ይሰፋል፤ ከሙሉ ጨረቃ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ብርሃናማ መጋረጃ ካለ የማይታይበት ምክንያት የለም። የዚህ ነገር ክፋቱ መርከበኛው ራሱን ሊያድን አለመቻሉ ነው። የእርሱ ሕይወት የብስ ላይ ባሉት፣ ስሙን እንኳ በማያውቁት ሰዎች ማብሪያ ማጥፊያ እጅ ላይ ወድቋል። የጠረፍ ከተሞች ነጋዴዎች ገበያችን ይቀዘቅዛል ብለው መብራት ማጥፋቱን ለተወሰነ ጊዜ ተቃውመዋል። ለመፍረድ አንቸኩልም። «የእኔ አንድ አምፖል ምን ታመጣለች?» ማለት በስሌት ሲታይ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሁሉም እንዲሁ ሲሉ ነው ሰማዩ የሚበራው።

ከ1942 የጸደይ ወራት ጀምሮ በጠረፉ ላይ ከባሕር የሚታይ መብራት ተከለከለ። ክልከላው እስከ 1943 የመጨረሻ ወራት ቆየ። ለስሌታችን አንድ ዓመት ተኩል ብለን እንያዘው።

በእንግሊዝ የሆነው

የእንግሊዝ ጨለማ ከዚህ እጅግ የጠነከረ ነበር። አገሪቱ ጦርነት ከማወጇ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ከየትኛውም ሕንፃ ብርሃን እንዳይወጣ ታዘዘ፤ ጥብቅነቱ የላላው በ1944 መጸው ነው። ጨለማው የራሱን ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1941 ብቻ 9,169 ሰዎች በእንግሊዝ መንገዶች ላይ በተሽከርካሪ አደጋ ሞተዋል፤ ይህም በአገሪቱ ታሪክ ከፍተኛው የአንድ ዓመት ቁጥር ነው።

ለሉሎቹ ዕጣ ግን ከመብራቱ ይልቅ ሌላ ትዕዛዝ የበለጠ ወሰነ። በጦርነቱ መጀመሪያ ኩባንያዎቹ በአንድ ቦርድ ሥር ተጠቃለሉና ሁሉም ማደያዎች «ፑል» የተባለ አንድ ዓይነት ቤንዚን ብቻ እንዲሸጡ ተደረገ። የኩባንያ ስም ትርጉም አጣ። ስም የተጻፈበት ሉልም ቢበራም ባይበራም ሥራ ፈት ሆነ፤ ከፓምፑ ወርዶ መጋዘን፣ ጓዳ፣ ጋራዥ ገባ። በስም የሚሸጥ ቤንዚን የተመለሰው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1953 ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ከእንግሊዝ የተገኙ በርካታ የሼል ሉሎች ግርጌያቸው ላይ የኩባንያው ንብረት መሆናቸውንና በተጠየቁ ጊዜ መመለስ እንዳለባቸው የሚገልጽ ጽሑፍ አላቸው። ዛሬ በሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ የምናያቸው እንግዲህ ያልተመለሱት ናቸው።

የሻጩ አባባል በሚዛን ላይ

አሁን ወደ ገበያው ሰው እንመለስ። «አምፖሉ ስላልበራ ቀለሙ አልደበዘዘም» ነው ያለን። ቀለም በብርሃን የሚደበዝዘው ፎቶኖች የማቅለሚያውን ሞለኪውል ትስስር ሲሰብሩ ነው። ጉዳቱ በግርድፉ ከተቀበለው ጠቅላላ ብርሃን፣ ማለትም ከብርሃኑ መጠንና ከቆይታው ብዜት ጋር ይመጣጠናል። እንግዲያው አምፖሉንና ፀሐይን እናወዳድር።

የሉሉን ራዲየስ 20 ሴንቲ ሜትር እንውሰድ። የ800 ሉመን አምፖል በቀጥታ በመስተዋቱ ላይ የሚያሳርፈው 1,600 ሉክስ ያህል ነው። በነጩ ግድግዳ መካከል እየተንጸባረቀ የሚመለሰውን ስንጨምር 3,000 ሉክስ ይደርሳል እንበል። በአንድ ሌሊት ለ10 ሰዓት ቢበራ 30,000 ሉክስ ሰዓት ይሆናል። በቀን ደግሞ በቁም የተቀመጠ ፊት ላይ የሚያርፈው የቀን ብርሃን በአማካይ 30,000 ሉክስ ቢሆን፣ በ10 ሰዓት 300,000 ሉክስ ሰዓት ይሰጣል። የአምፖሉ ድርሻ የቀን ብርሃን አንድ አሥረኛ ነው። በዚህ ላይ ቀለምን አብዝቶ የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር በፀሐይ ብርሃን ውስጥ በብዛት አለ፤ በተራ አምፖል ብርሃን ውስጥ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ አሥረኛ ያልነው ከፍተኛው ግምት ነው።

በዚህ መሠረት ለአንድ ዓመት ተኩል አምፖሉን ማጥፋት ቀለሙን የሚያድነው ከሁለት ወር የፀሐይ ብርሃን ባልበለጠ ነው። ሉሉ በፓምፑ አናት ላይ እንደቆመ ከነበረ፣ መብራቱ ቢጠፋም ፀሐዩ፣ በረዶውና ነፋሱ አልጠፉም። ሃያ ዓመት ደጅ ለዋለ ዕቃ የሁለት ወር ልዩነት በዓይን አይለይም። የሻጩ አባባል በዚህ በኩል ወደቀ። ከሉሉ ከፓምፕ መውረድና ጨለማ ክፍል ውስጥ መግባት ጋር ካልተያያዘ በቀር ጨለማው ብቻውን ቀለም አያተርፍም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ብዙ ሉሎች ላይ ያለው ቀለም ተራ ቀለም ሳይሆን የዱቄት መስተዋትና የብረታ ብረት ኦክሳይድ ድብልቅ ሆኖ ከሉሉ ጋር በእሳት የተጠበሰ ነው። ለሰማያዊው ኮባልት ማስገባት የቆየ ዘዴ ነው። እንዲህ ያለው ቀለም የመስተዋቱ አካል ስለሆነ በብርሃን አይደበዝዝም ማለት ይቻላል። ያ የገበያ ሉል ቀለሙ የተጠበሰ ከሆነ ስለ መደብዘዝ ማውራታችን ራሱ ትርፍ ነው። በላዩ በብሩሽ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ያን ያህል መድመቁ የሚያስጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፤ በኋላ ዘመን እንደገና ተቀብቷል፣ ወይም ዕቃው ጨርሶ የቅርብ ጊዜ ቅጂ ነው። ቅጂዎች በብዛት ይሠራሉ።

ሆኖም ሻጩ ያላሰበው አንድ ነጥብ ሊደግፈው ይችላል። እርሱም ሙቀት ነው። የበራ አምፖል ሉሉን ያሞቀዋል፤ ድንገት ቀዝቃዛ ዝናብ ሲመታው የውጭው ገጽ ሊኮማተር ሲፈልግ የውስጡ ይከለክለዋል። በገጹ ላይ የሚፈጠረው የመሳብ ውጥረት ከፍተኛው መጠን የመስተዋቱ የያንግ ሞጁለስ፣ የሙቀት መለጠጥ መጠኑና የሙቀት ልዩነቱ ተባዝተው፣ ከአንድ ላይ የፖይሰን ንጥጥር ተቀንሶ ለሚገኘው ሲካፈሉ ይገኛል። ለተራ መስተዋት ሞጁለሱ 70 ጊጋ ፓስካል፣ የመለጠጥ መጠኑ በዲግሪ ዘጠኝ ሚሊዮንኛ፣ የፖይሰን ንጥጥሩ 0.22 ነው። ልዩነቱ 30 ዲግሪ ቢሆን ውጥረቱ 24 ሜጋ ፓስካል ይመጣል። አዲስ መስተዋት ይህን ይችላል። ለዓመታት በአሸዋና በመወልወያ ጨርቅ የተጫረ መስተዋት ግን ስንጥቅ የሚጀምርበት ወሰን ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ እርጥበት ደግሞ ስንጥቁን ቀስ በቀስ ያሳድገዋል። በአንድ ዓመት ተኩል ከ500 በላይ የመሞቅና የመቀዝቀዝ ዙሮች ቀርተውለታል ማለት ነው። እንግዲህ ጨለማው ያተረፈው ነገር ካለ ቀለሙን ሳይሆን የመስተዋቱን ጤና ነው። ሰውዬው ትክክለኛ ነገር በተሳሳተ ምክንያት ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ በቤተ ሙከራ ዘገባዎቻችሁ ላይ ስንት ጊዜ ይህን በቀይ ብዕር እንደጻፍን ታውቃላችሁ።

ያልተረፉት

ወደ ኋላ የምንመለስበት ሌላ ነገር አለ። በገበያው የነበረው ሉሉ ብቻ ነው። ሦስት ሜትር የሚቆመው ፓምፕስ?

ጦርነት ብረት ይበላል። ብረት የሚቀልጥባቸው ምድጃዎች ከማዕድን ከወጣው ጋር ቁርጥራጭ ብረት ይቀላቅላሉ፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1942 በመላው አሜሪካ ቁርጥራጭ ብረት የማሰባሰብ ዘመቻ ተካሄደ። ጊዜው ያለፈበት ከባድ የብረት ፓምፕ ለዚህ ከተገኘ ዕቃ ሁሉ የተመቸ ነበር። በኢናሜል የተለበጡ የብረት ማስታወቂያ ሰሌዳዎችም እንዲሁ። (ኢናሜል ማለት በብረት ላይ ተጠብሶ የተጣበቀ መስተዋት ነው፤ በየቤታችን ያለው ነጭ የብረት ሳህን ጠርዙ ሲላጥ የሚዝገው በዚህ ምክንያት ነው።) ወተትማ መስተዋት ግን ለጦር መሣሪያ የሚፈልገው አልነበረም። ጥሬ ዕቃው በዋናነት አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ሞልቷል። ብረቱ ሲወሰድ መስተዋቱ ቀረ።

ማደያዎቹም ራሳቸው ሌላ ሥራ ያዙ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጁን 1942 በራዲዮ ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ አሮጌ ጎማ ወደ ነዳጅ ማደያ እንዲያመጣ ጠየቁ፤ ለአንድ ፓውንድ አንድ ሳንቲም ይከፈል ነበር። ቤንዚን በራሽን መሸጥ በምሥራቅ ግዛቶች በሜይ 1942፣ በመላ አገሪቱ ደግሞ በዲሴምበር 1 ቀን 1942 ተጀመረ። የሚሸጠው ሲያንስ ብዙ ማደያዎች ተዘጉ። የተዘጋ ማደያ ዕቃ ወይ ለምድጃ ይሄዳል፣ ወይ ጎተራ ውስጥ ይረሳል።

ይህ ሁሉ አንድ የስታቲስቲክስ ወጥመድ ያስታውሰናል። ሄክት ፎቶን በሚቆጥርበት በዚያው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 አብርሃም ዋልድ የተባለው የሂሳብ ሊቅ ከውጊያ በተመለሱ አውሮፕላኖች ላይ ያሉ የጥይት ቀዳዳዎችን መረመረ። የተመለሱት የተመቱበት ቦታ ብዙም የማይጎዳ ስለሆነ ነው የተመለሱት፤ ክፉ ቦታ የተመቱት ለመቆጠር አልበቁም። የሰብሳቢዎችን መደርደሪያ አይተን «የጥንት ማደያ ማለት ሉል ነበር» ብንል በዚህ ወጥመድ ወደቅን። ማደያው በአብዛኛው ብረት ነበር። መደርደሪያው የሚያሳየን ምድጃው ያልፈለገውን ነው። «ጦርነቱን ያለፉት ሉሎች ቀለማቸው ደማቅ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የደበዘዙትንና የተሰነጠቁትን ማንም ለሰባ ዓመት አላስቀመጣቸውም።

የሻጩን አባባል በእርግጥ ለመፈተን ከተፈለገ መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዘመን የወጡ፣ ቀለማቸው በአንድ ዘዴ የተሠራ ሉሎች ይመረጡ፤ ግማሾቹ መብራት በተከለከለበት ጠረፍ፣ ግማሾቹ ከባሕር ርቀው ባሉ ግዛቶች መብራታቸው ሳይጠፋ የቆዩ ይሁኑ። ከዚያ የሉሉ ሰሜን ፊትና ደቡብ ፊት በመሣሪያ ይለካ። በፓምፕ ላይ የነበረ ሉል ሁለት ፊት አለውና ራሱ የራሱ ማነጻጸሪያ ነው። አምፖሉ በመካከል ሆኖ ሁለቱን ፊት እኩል ያበራል፤ ፀሐይ ግን በሰሜን ንፍቀ ክበብ ደቡብ ፊቱን ታበዛለች። አንዱ ፊት ከሌላው በግልጽ ደብዝዞ ከተገኘ አጥፊው ፀሐይ ነው፤ ሁለቱ እኩል ከደበዘዙ ነው አምፖሉ የሚጠረጠረው። ያን እሑድ ይህን ብናስብ ኖሮ ሉሉን አዙረን ጀርባውን ባየን ነበር። አላዞርነውም።

አንባቢ በወረቀት እንዲሞክራት አንዲት ስሌት እንተው። የማደያው ባለቤት አምፖሉን ከማጥፋት ይልቅ ብርሃኑን ወደ አንድ አራተኛ ለመቀነስ ተስማማ እንበል፤ አየሩም ፍጹም ጥርት ያለ ይሁን። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ያያት የነበረው የሰርጓጅ መርከብ ተመልካች አሁን በዚያው ድምቀት ለማየት እስከ ስንት ኪሎ ሜትር መቅረብ አለበት? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ የጠረፍ አዛዦቹ ደብዘዝ ባለ መብራት ሳይረኩ ከባሕር የሚታየው እንዲጠፋ ያዘዙት ለምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።